ከገመዱ ማዶ

ኔስታ ፕራይስ እሁድ ከሰዓት ከአባቷ ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን እንኳ ከመኪናው ሳታወርድ ግቢውን በዓይኗ ዞረችው። ልማዷ ነው። ሌላ ሰው ቤቱ ሲደርስ እሳቱ መንደዱን ያያል፤ እሷ የምታየው ግቢው መጠረጉን፣ መንሾቹ በየሚስማራቸው መሰቀላቸውን፣ የየጋጣው በር መሸንጎሩን ነው። ግቢው ተጠርጓል። መንሾቹም ተሰቅለዋል። የጋራው የውሃ ገንዳ ላይ ግን አንዲት ዳማ ባዝራ አፍንጫዋን ነክራ ትጠጣለች። ኔስታ ያቺን ሴት ፈረስ በሕይወቷ አይታት አታውቅም።

ቦታው የሰው ፈረስ ተቀብሎ የሚያኖር ግቢ ነው። ከተማ የሚሠሩ፣ የራሳቸው ሜዳ የሌላቸው ሰዎች ፈረሳቸውን እዚያ ያቆማሉ። ሲመቻቸው መጥተው ይጋልባሉ፤ በቀረው ጊዜ የሚያበላው፣ የሚያጠጣው፣ ፋንድያውን ከሥሩ የሚጠርገው የግቢው ሠራተኛ ነው። መሬቱም ቤቱም የወይዘሮ ሲቢል ላንግፎርድ ነው። በዚያ በእንግሊዝ የሽሮፕሻየር ሸለቆ የላንግፎርዶች ያልሆነ መሬት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ኔስታ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ፣ ከዌልስ የመጣች የአጥር ሠሪ ልጅ ናት። ከኮርቻ ቤቱ በላይ ባለች አንዲት ክፍል እየኖረች ግቢውን ማስተዳደር ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። የግቢውን ሕግ ያወጣችውም እሷ ናት። ከሕጎቹ ሁሉ የማይታለፈው አንዱ ነበር፦ አዲስ የመጣ ፈረስ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከጎተራው ጀርባ ባለችው ጋጣ ለብቻው ሳምንታት ይቆያል። የራሱ ባልዲ፣ የራሱ መጥረጊያ ይሰጠዋል። ጤንነቱ ሳይረጋገጥ ከሌሎቹ ጋር ውሃ አይጋራም።

ኔስታ ባዝራዋን ፈትታ ወደ ኋላኛው ጋጣ ወሰደቻት። ተመልሳም የገንዳውን ውሃ ደፋችው፤ በሳሙና ፈተገችው፤ በፀረ ጀርም አጠበችው፤ እንደገና ፈተገችው። በዚህ መሐል ኢሞጀን ላንግፎርድ፣ የወይዘሮዋ ሴት ልጅ፣ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ባዝራዋ የሷ ነበረች፤ ከአየርላንድ ጨረታ ገዝታ ያስመጣቻት ትናንት ቅዳሜ ነው።

«ማን ነው እዚህ ያስገባት?» አለቻት ኔስታ።

«ኤድመንድ ነዋ። እየሳበ ያስገባት እሱ ነው» አለች ኢሞጀን፣ ዓይኗን ወደ ኮረብታው አዙራ። «የኋላኛው ጋጣ ጣራ ያፈሳል። ዝናቡን አላየሽውም እንጂ።»

የኤድመንድን ስም ስትሰማ የኔስታ እጅ መጥረጊያው ላይ ቆሞ ቀረ።

*

ኤድመንድ ላንግፎርድ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ለንደን ሄዶ የሕግ ሥራ ጀመረ፤ ተወው። የወይን ጠጅ ንግድ ጀመረ፤ እሱንም ተወው። አባቱ ሲሞቱ ለቀብር መጥቶ በዚያው ቀረ። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ጠዋት የሚሠራው አጥቶ ወደ ግቢው ብቅ አለና ልርዳችሁ አለ። ኔስታ እውነትም አልመሰላት፤ መንሽ ሰጥታ ወደ አንዱ ጋጣ ላከችው። ብዙም ሳይቆይ ንጹሑን ገለባ ከፋንድያው ጋር አንድ ላይ አፍሶ፣ የእጅ ጋሪውን እስከ አፉ ሞልቶ ወጣ። ከድሮ ጀምሮ እዚያ የምትሠራው ዊኒ ጋሪውን አይታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጋጣ የሚጠርግ ሳይሆን ቤት የሚለቅ ነው የሚመስለው» አለች።

ተስፋ ቆርጦ የሚቀር መስሏቸው ነበር። በማግስቱ መጣ። ከዚያም በማግስቱ። እርጥቡን ከደረቁ መለየት፣ ጉዝጓዙን ግድግዳው ሥር ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ጋሪውን በዝናብ በራሰ ሳንቃ ላይ ሳይገለበጥ እየገፉ ክምሩ ላይ መድፋት ለመደ። ኔስታ በዚያን ጊዜ እርስዎ ነበር የምትለው፤ እሱ አንቺ ይላታል። የጌታና የሠራተኛ ወግ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። በሐምሌ አንድ ቀን ድርቆሽ ሲጭኑ ዝናብ መጣባቸውና፣ «አንተ፣ ሸራውን ሳበው እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!» ብላ ደነፋችበት። ሸራውን ሳበው። ድርቆሹም ተረፈ። ወደ እርስዎ መመለስ ግን ከዚያ ወዲያ አልተቻላትም።

ፍቅራቸው የተጀመረው እንዲህ ነው። ለእናቴ እነግራታለሁ ካለ ሰንብቶ ነበር። ዛሬ ራሷን አሟታል፣ ነገ እንግዳ አለባት፣ ከነገ ወዲያ አደን ትወጣለች እያለ ቀኑ ሄደ። ኔስታ አላጣደፈችውም። ልቧ ግን ይቆጥርበት ነበር፤ የጀመረውን መተው የለመደ ሰው መሆኑን አትረሳም።

ስለ ባዝራዋም አልጠየቀችውም። ራሱ መጥቶ እስኪነግራት ጠበቀች። እሱ ግን ያን ሰሞን እንደወትሮው አልነበረም፤ ይመጣል፣ ይሠራል፣ አንድ ነገር ሊናገር ያሰበ ይመስልና ይተወዋል። ያወቅኩበት መስሎት ነው የሚሸሸኝ ስትል አሰበች፤ ይህም ከባዝራዋ ይልቅ አስከፋት።

*

ሕመሙ ብቅ ያለው ባዝራዋ ከመጣች በሁለተኛው ሳምንት ነው። በመጀመሪያ ባዝራዋ ራሷ አሳለች። ቀጥሎ ባርናቢ መኖውን ተወ። ባርናቢ ያረጀ አምባላይ ፈረስ ነው። ባለቤቱ አቶ ታጅ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት እየመጡ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡለታል። ኔስታ የባርናቢን አገጭ ሥር ስትዳስስ ዕንቁላል የሚያህል እብጠት እጇ ላይ አረፈ።

የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችና ስሙን ተናገረች። ፈረሰኛ ሁሉ «አናቂው» እያለ የሚጠራው በሽታ ነው፤ ጉሮሮ ሥር ያብጣል፣ ያፍናል፣ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። የሚተላለፈው በንፍጥና በመግል ነው፤ በባልዲ፣ በገንዳ፣ በልብስ እጅጌ፣ ባልታጠበ እጅ። አብዛኛው ፈረስ ይድናል፤ ያረጀው ግን ያሳስባል አለች ሐኪሟ፣ ባርናቢን እያየች።

ግቢው ተዘጋ። የፈረሶቹ ባለቤቶች ጎተራው ውስጥ ተሰበሰቡ። ፊቱ ያልጠቆረ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ላንግፎርድ ረጅም ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን አይጨምሩም። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ግቢው እስከ መቼ እንደሚዘጋ አስረዱ። አንድ ሰው ከየት ነው የገባው ብሎ ጠየቀ። እሳቸው የሚያውቁት ልጃቸው ኢሞጀን የነገረቻቸውን ያህል ነው፤ ኢሞጀን ደግሞ ባዝራዬ የታመመችው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ብላቸዋለች።

«ግቢው የሚገባውን ያህል ንጹሕ አልነበረም» አሉ። «ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይስተካከላል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ኔስታ ዞረ። መናገር ትችል ነበር፤ ግን ብትናገር ኤድመንድን በሰው ፊት መክሰሷ ነው። ስለዚህ እሱን አየችው። በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አፉን ከፈት አደረገ፤ መልሶ ገጠመው፤ ከዚያም አቀርቅሮ ቦት ጫማውን ማየት ያዘ።

ሰዉ ሲበተን ኔስታ ወደ ወይዘሮ ላንግፎርድ ቀርባ በሽታውን ከግቢው እስካጠፋ እቆያለሁ፣ የመጨረሻው ፈረስ ሲድን ግን ሥራውን እለቃለሁ አለቻቸው። እሳቸውም እንደፈለግሽ አሉ። ከጎተራው ስትወጣ ኤድመንድ ተከተላት።

«ኔስታ፣ አንዴ አናግሪኝ።»

«ምን ፈለጉ፣ አቶ ላንግፎርድ?»

በጥፊ የተመታ ያህል ቀጥ ብሎ ቀረ። እሷ ግን ቃሉን አልመለሰችውም።

*

ግቢውን ለሁለት ከፈለችው። የታመሙትንና ትኩሳት ያሳዩትን ፈረሶች በአንድ በኩል፣ ጤነኞቹን በሌላ በኩል አድርጋ፣ መሐሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በወፍራም ገመድ ዘጋችው። በወዲያኛው በኩል ያለው ዕቃ ሁሉ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ባልዲው፣ መንሹ፣ ጋሪው፣ መጥረጊያው። የወዲህኛው አረንጓዴ ሆነ። ቀይ ነገር ወደዚህ አይመጣም፤ አረንጓዴ ወደዚያ አይሄድም። ወዲያ የሚሠራ ሰው ወዲህ አይሻገርም፤ ሌላ ፈረስ ያለበት ቤትም አይገባም።

ችግሩ ማን ወዲያ ይሥራ የሚለው ነበር። ዊኒ ቤቷ የልጅ ልጆቿ ትንንሽ ፈረሶች አሉ። ኔስታ ጤነኞቹን ትታ መሄድ አትችልም፤ አንድ እብጠት ካመለጣት ሁሉም ይያዛሉ። ሰው ብትፈልግ የበሽታውን ስም የሰማ ሁሉ እምቢ አለ። በዚህ መሐል ኤድመንድ ልብሱን በሻንጣ ይዞ መጣና እኔ እገባለሁ አለ። የእናቱ ቤት ያረገዙ ባዝሮች ስላሉበት እስኪያበቃ ድረስ ወደ ቤቱ መመለስ እንደማይችል ነገረችው። አውቃለሁ አለ። የኢሞጀን የፈረስ መጫኛ መኪና ከታመሙት ጋጣዎች ጎን ቆሞ ነበር፤ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ያለችው ጠባብ አልጋ መኝታው ሆነች።

«የባርናቢን እብጠት በየሰዓቱ ሞቅ ባለ ጨርቅ ይያዙለት» ትለዋለች ከገመዱ ወዲህ ሆና። «ጨርቁን ያቃጥሉት። ሲፈትጉ መጀመሪያ ቆሻሻው ይልቀቅ፣ ከዚያ ነው ፀረ ጀርሙ። ቆሻሻ ላይ ቢያፈሱት አይሠራም። የውሃ ጎማውን በኃይል አይልቀቁት፣ ይረጫል።»

«እሺ» ይላል።

«እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው'ኮ የምታናግሪው» አለቻት ዊኒ። «ማኅተም ብቻ ነው የጎደለሽ።»

ኔስታ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች።

ቀናቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠዋትና ማታ የሁሉም ፈረስ ትኩሳት ይለካል። ጋጣ ይጠረጋል፣ ግድግዳ ይፈተጋል፣ ባልዲ ይታጠባል፣ በሩ ላይ ያለው የቦት ጫማ መንከሪያ ውሃ ይቀየራል። የታመሙት ጉዝጓዝ ለብቻው ይከመራል፣ ይቃጠላል። እብጠቱ ሲፈነዳ መግሉ ይጠረጋል፣ ቁስሉ በጨው ውሃ ይታጠባል፣ ግድግዳው እንደገና ይፈተጋል። ከኅዳር ብርድ የተነሣ ውሃው ጣት ያደነዝዛል። ኤድመንድ ያን ሁሉ ለብቻው ይሠራል፤ ምግቡን ዊኒ አጥር ሥር ታስቀምጥለታለች።

ኔስታ ጠዋት ጠዋት ገመዱ ጋ ቆማ ወዲያኛውን ታያለች። ጥፋት ልትፈልግ ነው የምትቆመው። መሬቱ ተጠርጎ ታገኘዋለች። ቀያዮቹ ባልዲዎች ታጥበው፣ ተደፍተው፣ እየደረቁ ታገኛቸዋለች። የመጥረጊያውን እጀታ እንኳ አጥቦት ታገኘዋለች። ጥፋት ብታገኝበት ይቀላት ነበር። አንድ ጠዋት ከባርናቢ ጋጣ ሲወጣ አየችው፤ ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል፣ ሁለት ባልዲ ይዟል። እሱም አያት። እሷ ፊቷን አዞረች፤ ሲመሽ ግን መኖ እያካፈለች ሳለ ያ ፊት ዓይኗ ላይ ነበር።

*

ሌሎቹ ፈረሶች አንድ በአንድ ዳኑ። የባርናቢ እብጠት ግን ወደ ውስጥ ሄደ። በወሩ መጨረሻ አንድ ከሰዓት ተኛ፣ ሊያስነሱት ቢሞክሩም አልተነሣም። ሐኪሟ ከዚህ በላይ ማሰቃየት ነው አለች። ኔስታ አቶ ታጅ ጋ ደወለች። ሌላ ፈረስ ስለሌላቸው ወዲያ መግባት ይችላሉ፤ ቱታ አልብሳ፣ ቦት ጫማ አጫምታ በሌላኛው በር አስገባቻቸው።

እሷ ግን ከገመዱ ማለፍ አትችልም። የጋጣው በር ክፍት ስለነበር ሁሉንም ታያለች። አቶ ታጅ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። የፈረሱን ራስ ሊይዙ ጎንበስ ብለው አልደረሱበትም፤ ኤድመንድ ገለባው ላይ ተንበርክኮ ራሱን ጭኑ ላይ አሳረፈላቸው። ከዚያ የሽማግሌውን እጅ ወስዶ ጋማው ላይ አደረገው፤ የራሱን እጅ ከላይ ደረበበት። ሐኪሟ መርፌዋን አወጣች። ኔስታ ገመዱን አንድ እርምጃ ብታልፈው እዚያ ትደርሳለች። ከኋላዋ ጤነኞቹ ፈረሶች ድርቆሽ ሲያላምጡ ይሰማታል። አላለፈችውም። እግሯ እስኪደነዝዝ እዚያው ቆመች።

አቶ ታጅ ሲወጡ ገመዱ ጋ ቀረብ አሉ።

«ልጄ» አሉ፣ «ንጹሕ ጉዝጓዝ ላይ ነው የሞተው። አይቻለሁ። ማንም ምንም ቢል፣ እኔ አይቻለሁ።»

ሌላ አልተናገሩም። ዊኒ እጃቸውን ይዛ ወደ መኪናቸው ሸኘቻቸው።

ኤድመንድ እጁንና ክንዱን ታጥቦ ሲመጣ ኔስታ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። በመካከላቸው ገመዱ ነበር።

«ያን ቅዳሜ እዚህ ብሆን ኖሮ» አለች፤ ለሱ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር።

«ራስሽን አትክሰሺ» አለ ኤድመንድ። ድምፁ ደክሟል። «ስልክ ላይ እሺ ያልሻት በዝናቡ አዝነሽ ነው። በገዛ እጄ ስቤ ያስገባኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፤ የኔ ይብሳል።»

«የምን ስልክ?»

«ኢሞጀን ስትደውልልሽ።»

«ማንም አልደወለልኝም።»

ኤድመንድ ቀና ብሎ አያት።

«አባቴ ቤት ስልክ እንደማይሠራ አንተ ታውቃለህ» አለች ኔስታ። «ስንቴ ደውለህ አጥተኸኝ አኩርፈህብኛል። ምን ብላ ነው የነገረችህ?»

«ኔስታ ባዝራዋ ለዛሬ ከሌሎቹ ጋር ትደር ብላለች፣ አስገባልኝ አለችኝ። ቤተሰቡን እምቢ ማለት ከብዷት ነው ብዬ አሰብኩ። ስታፍሪ ማየት ስላልፈለግኩ አልጠየቅኩሽም።» በረጅሙ ተነፈሰ። «ስብሰባው ላይ አፌን ብከፍት፣ ራሷ ያወጣችውን ሕግ ራሷ አፈረሰች ሊሉሽ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

ኔስታ ወደ ገመዱ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እኔም አንተን መክሰስ ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች። «ከዚያ አንተ ስታቀረቅር፣ ለእህትህ ብለህ የተውከኝ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ሳምንት እንዲያ እያሰብኩ ነው ባልዲ ሳጥብ የከረምኩት።»

«እርስዎ ስትይኝ ነው የገባኝ የሆነ ነገር እንደጠፋ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።»

«ሕጌን እንዳፈረስኩ እያሰብክ ታዲያ ለምን መጣህ? እዚህ ገብተህ ይህን ሁሉ መግል ለምን ጠረግህ?»

«ብታፈርሺስ?» አለ ኤድመንድ።

እንደ ተራ ነገር ነበር የተናገረው። ኔስታ ግን በሕይወቷ ሰው ሁሉ የሚወዳት ባለመሳሳቷ ይመስላት ነበር። ከአባቷ ቤት ጀምሮ፣ በየሠራችበት፣ አንድ ነገር ካጎደለች የሚተዋት እየመሰላት ነው የኖረችው። ይሄ ሰው ግን አጉድላለች ብሎ አምኖ፣ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ ጎድሏል ያለውን ሊሞላ ተንበረከከ።

ኤድመንድ እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋ።

«አትንካው» አለች፣ ጉንጯ ርሶ። «ጠዋት ነው ያጠብኩት።»

«መንካት የፈለግኩት ገመዱን አይደለም።»

እጁን ግን መለሰ። አንዳቸው ከሌላቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው ቀሩ፤ ኔስታ ወደ ሰው ይህን ያህል ቀርባ የቆመችበትን ሌላ ጊዜ ማስታወስ አልቻለችም።

*

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ላንግፎርድ መጡ። የባርናቢን መሞት ሰምተዋል። በሩ ላይ ያለውን ፀረ ጀርም ውሃ በቦት ጫማቸው ረግጠው ገቡና ገመዱ ጋ ቆሙ። ኔስታ ገንዳው ጋ ባልዲ እየሞላች ነበር፤ ልሂድ ስትል ኤድመንድ አትሂጂ አላት።

ለእናቱ ሁሉንም ነገራቸው። ባዝራዋ እንዴት እንደገባች፣ ኢሞጀን ምን እንዳለችው፣ እሱ ለምን ዝም እንዳለ። ድምፁን አላነሣም፤ እህቱንም አልሰደበም። ቀጥሎ በዚያው ድምፅ፣ «ኔስታን እወዳታለሁ፤ ከሐምሌ ወዲህ ልነግርሽ ፈልጌ ፈርቼ ነው። አሁን አልፈራም» አለ።

ወይዘሮዋ ወደ ኔስታ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

«የቱ?» አለች ኔስታ።

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም እውነት ነው፣ ወይዘሮ ላንግፎርድ።»

ወይዘሮዋ የልጃቸውን የተሰነጣጠቀ እጅ፣ ያደገ ጢም፣ ከኋላው የተጠረገውን ግቢ አዩ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ኔስታ ባልዲው ሞልቶ ጫማዋ ላይ ሲፈስስ ነው ቧንቧውን መዝጋት እንዳለባት ያስታወሰችው።

ከፈረሶቹ የተወሰደው የመጨረሻው ናሙና ውጤት የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መጣ፤ ሁሉም ንጹሕ ናቸው። ወይዘሮ ላንግፎርድ ባለቤቶቹን እንደገና ጎተራው ውስጥ ሰበሰቡ። ኢሞጀን ፊቷ ቀልቶ አጠገባቸው ቆማለች። ቀደም ብላ አቶ ታጅ ቤት ሄዳ ነበር፤ ምን እንዳለቻቸው እሷና እሳቸው ያውቃሉ።

«በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት ላርመው» አሉ ወይዘሮዋ። «በሽታው የገባው በኔ ቤተሰብ ፈረስ ነው። የገባውም የኔ ልጅ የግቢውን ሕግ ጥሳ፣ ወንድሟን ዋሽታ ነው። ጥፋተኛዋ ሚስ ፕራይስ አልነበረችም። ግቢው ንጹሕ ነበር። የቀሩት ፈረሶቻችሁ በሕይወት ያሉት ንጹሕ ስለነበረ ነው። ተሳስቻለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም፤ እንዲያ ያለ ነገር አልነበረም። አቶ ታጅ ብቻ ቆባቸውን አወለቁ።

ሰዉ ሲወጣ ወይዘሮዋ ኔስታን ለብቻዋ አቆሟትና መልቀቂያሽን ትተዪዋለሽ ወይ አሏት። ኔስታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ከእንግዲህ አዲስ ፈረስ የት እንደሚቆም የምትወስነው እሷ ብቻ እንድትሆን፣ ፈረሱ የላንግፎርዶች ቢሆንም።

«የኔም ቢሆን?»

«የእርስዎም ቢሆን።»

«ይሁን» አሉ። ሊሄዱ ዞረው ቆም አሉ። «ይህን ነገር ተመኝቼው ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ለልጄ ሌላ ነበር ያሰብኩት። ግን ኤድመንድ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ጀምሮ ሲጨርስ አይቼው አላውቅም። ይህን ጨረሰ።» ከዚያ ጓንታቸውን አጥልቀው ወጡ።

ኔስታና ዊኒ ገመዱን ፈትተው እሳት ውስጥ ጣሉት። ኤድመንድ የከረመበት ልብስ ሁሉ ተቃጠለ። ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ የዊኒ ባል ሱሪ ለብሶ መጣ፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ጋ እንኳ አይደርስም። ዊኒ አይታው ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት ወደ ኮርቻ ቤቱ ገባች።

ገመዱ የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የለም'ኮ» አለችው ኔስታ። «ተቃጥሏል።»

«አውቃለሁ። ግባ እስክትይኝ ነው።»

ኔስታ አየችው። ልትቀልድበት አሰበች፤ ቀልዱ አልመጣላትም።

«ግባ» አለች።

እጇን ሲይዘው ሁለቱም እጆች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ውሃና ፀረ ጀርም ያሻከራቸው፣ በጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ላይ የተሰነጠቁ። ያማል ወይ አላት። ያማል አለች። ግን አልለቀቀችውም፤ እሱም አልለቀቀም። ያን ሁሉ ሳምንት ወገቧን ቀጥ አድርጎ ያቆማት ነገር ቀስ ብሎ ሲላላ ተሰማት፤ ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግቢው መጠረግ አለመጠረጉን ሳታይ ዓይኗን ጨፈነች።